የደበቅኩት እብጠት

ከልጅነቴ ጀምሮ መቀመጫዬ ላይ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ የተጠጋጉ ለስላሳ እብጠቶች አሉብኝ። ቀለማቸው የቆዳዬው ነው፤ አያሙም፣ አያሳክኩም። እናቴ «ኪንታሮት ነው» ብላ ጠበል አስጠምቃኛለች። ከአገር ከወጣሁ በኋላ ግን ቦታው የሚያሳፍር ስለሆነ ለማንም ሳላሳይ፣ «ካንሰር ቢሆንስ?» እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ! እውነቱን ልናገርና፣ ከበሽታው ይልቅ ሱሪ ማውለቁ ነበር የሚያስፈራኝ።

በመጨረሻ አንዲት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዳሰሰችው፤ ከዚያም ትንሽ ቆርጣ ለምርመራ ላከች። ስሙ ኔቩስ ሊፖማቶሰስ ነው አለችኝ። ሆፍማንና ዙርሄለ የተባሉ ሐኪሞች በ1921 እ.ኤ.አ. የገለጹት፣ እምብዛም የማያጋጥም ነገር ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሊፖማ ከቆዳ ሥር ሲነኩት የሚንሸራተት የስብ እብጠት ነው። በዚህኛው ግን ስቡ የሚገኘው እዚያው ቆዳው ውስጥ ነው። ካንሰር አይደለም። መልኩን ካልጠሉት መቆረጥም አያስፈልገውም፤ ከተቆረጠም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ታዲያ ወገኖቼ፣ የኔን አንብባችሁ የራሳችሁን በዐይን እንዳትፈርዱ። ከነርቭ የሚነሣ እብጠትም ይህንኑ ይመስላል፤ የሚለየው በማይክሮስኮፕ ነው። በቶሎ የሚያድግ ወይም የሚደማ ከሆነማ ቀጠሮ አታሳድሩ።

ሐኪሟ «ላውጣልህ?» ብትለኝ፣ «ይቆይ» አልኳት።