መቀስ

ምስል፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ። የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል።

ተራኪ፦ በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። በሬው አልቋል፣ ጎታው ባዶ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ አላፊ መኪና ይማጸናል። ወደ አዲስ አበባ በእግሩ የተነሳውን ፖሊስ መለሰው። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ደሴ ነበረች፤ እዚያ ሆኖ ረሃቡን ላለማየት ዓይንን መጨፈን ያስፈልግ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። የመንግሥት ነገር ግን ያው ነበር፦ ስሙ ከሚጠፋ ሕዝቡ ይጥፋ።

ድምፅ፦ የፊልም ማጫወቻ ሲሽከረከር።

ተራኪ፦ ከዚያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ መጣ። ወሎ ውስጥ ያነሳው «ያልታወቀው ረሃብ» ጥቅምት 8 ቀን 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። 11 ወር ሊሞላው ሲል፣ በ1967 የእንቁጣጣሽ ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ለኢትዮጵያውያን አቀረበ። ያንኑ ስል፣ መቀስ ገብቶበት ነው። በረሃብተኛው መሐል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ለውሾቻቸው ሥጋ የሚሰጡ ንጉሥ ተቀጥለውበታል። በማግስቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ።

እኔም ምስል እየቀጠልኩ እንጀራ የምበላ ነኝ፤ ስለዚህ ያ ቅጥል አያስተኛኝም። ሬሳው እውነት ነው። ድግሱም፣ ውሾቹም እውነት ናቸው። ጎን ለጎን ያቆማቸው ግን መቀስ ነው፤ ተመልካቹም ንጉሡ የሚሞተውን እያዩ ውሻ ሲቀልቡ ያየ መሰለው። ይህ ማታለል ነው፤ የተባረሩት ሰው ጥፋት አይፋቀውም። ጥፋታቸውማ ሌላ ነው፦ ሕዝቡ በጊዜው፣ በልኩ እንዲያውቅ ቢፈቀድለት ኖሮ በአንድ ምሽት የሚጋትለት ነገር ባልኖረ። ረሃቡን የሸሸጉት ናቸው መቀሱን ለደርግ ያቀበሉት።

የወሎ ረሃብተኛ ደግሞ ፊልሙን አላየውም። ቴሌቪዥን ያኔ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። በእሱ ስም ዙፋን ሲገለበጥ እሱ ስንዴ ይጠብቃል።

ምስል፦ ደሴ በጉም ውስጥ፤ ከበስተጀርባ ጦሳ ተራራ።

ተራኪ፦ መስከረም 1977። አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ታከብራለች። ወሎ ዳግም ተርቧል፤ በዓሉ እስኪያልፍ ግን ወሬው ታፍኗል። ጥቅምት 13 ቢቢሲ ኮረምን ሲያሳይ ዓለም ደነገጠ። የጃንሆይን ድግስ ከረሃብተኛው ጋር የቀጠለ መንግሥት፣ የራሱን ድግስ ከኮረም ጋር አልቀጠለም።

ይህን ዝግጅት ስትከታተሉ ያያችኋት ሐረጎ ዘንድሮ የተቀረጸች ናት። የ1965ን ረሃብተኛ አላሳየናችሁም።