ለጠፋው የሚጠየቅ፣ ለተከለከለው የማይጠየቅ

የቆየ ብራና ወይም የመዝገብ ቤት ፋይል ለማየት ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ተማሪ የሚነገረውን ያውቃል። ኃላፊው የሉም። ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው። የትብብር ደብዳቤው ለዚህ ክፍል አልተጻፈም። ዕቃው ቆጠራ ላይ ነው። ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ መልሱ ብዙ አይለያይም። ክርክሩም በየጊዜው ከዚሁ ይነሣል፤ አንዱ ወገን «ሀብታችንን ቆልፈን ለምስጥ እንቀልባለን» ሲል፣ ሌላው «የከፈትነው ሁሉ ለንደንና ፓሪስ ነው የተገኘው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም ዋናውን ምክንያት ሳይነኩት የሚያልፉ ይመስለኛል።

የስርቆቱ ታሪክ ለማንም አዲስ አይደለም። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ይዟቸው የሄዳቸው ብራናዎች ኦክስፎርድ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ውስጥ 350 ያህሉ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። ማርሴል ግሪዮል የመራው የዳካር–ጅቡቲ ቡድንም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከ300 በላይ ብራናዎች ፓሪስ አስገብቷል። ይህን የሰማ ጠባቂ ቢፈራ አይፈረድበትም። የገንዘብ እጥረቱም፣ የሠራተኛ ማነሱም፣ የሕንፃው እርጥበትም እውነት ነው። እነዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር አያስረዱም፦ ገንዘብ ሲገኝ፣ መደርደሪያ ሲገዛ፣ ዲጂታል ካሜራ ሲመጣም በሩ የማይከፈተው ለምንድን ነው?

የእኔ መልስ ከጠባቂው ተጠያቂነት ይነሣል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። ሠራተኛው ሲዛወር ቆጥሮ ያስረክባል፤ የጎደለው በስሙ ይያዛል። ለወንበርና ለኮምፒውተር ደኅና ሥርዓት ነው። ብራናና የቆየ ፋይልም በዚሁ ዓይን ሲታዩ ግን ጠባቂው ላይ የሚወድቀው ሸክም ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። አንድ ቅጠል ቢጎድል እሱ ይጠየቃል፤ ደመወዙም ስሙም አደጋ ላይ ይወድቃል። በዓመት ውስጥ መቶ አንባቢ ቢመልስ ግን «ለምን መለስህ?» የሚለው አለቃ የለም። የመለሳቸው ሰዎች ቁጥር በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይወጣም። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ፣ ልጆች የሚያሳድግ፣ ጡረታውን የሚጠብቅ ሰው ምን ያደርጋል? ይቆልፋል። ክፋት አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቆልፍ ነበር።

በጣና ገዳማት መልኩ ይለያል እንጂ መሠረቱ ያው ነው። ዕቃ ቤቱን የያዘው አባት ለማኅበሩ የሚመልሰው የተረከበውን ያህል ነው። መጽሐፉ ራሱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ላይ የሚሰርቀውንም፣ የሚሸጠውንም፣ ጽሑፉን የሚፍቀውንም የሚያወግዝ ቃል አለበት። ያ ግዝት ለአባት ከማንኛውም የመንግሥት ቅጽ የከበደ ነው። አንብቦ ስለሚመልስ እንግዳ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አይልም።

ዝርዝር መያዝ ለእኛ እንግዳ ሆኖ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 የተጻፈው ወንጌል በውስጡ የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ማለት ነው። ሆኖም ያ ዝርዝር እንደዛሬው የንብረት መዝገብ ያለውን ይቆጥራል እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ፣ ማን እንዴት እንደሚያገኘው አይናገርም። ለአንባቢ የሚሆን ካታሎግ ሌላ ሥራ ነው። በአብዛኛው የተሠራው ደግሞ ከአገር ውጭ ነው።

ክብራን ገብርኤልን እንውሰድ። ከባሕር ዳር ወደብ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በታች ያስኬዳል። አጥኚው ኤርንስት ሀመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 የደሴቶቹን ብራናዎች በማይክሮፊልም አነሣ። የክብራን ካታሎግ በ1973 ታተመ፣ የደብረ ማርያምና የሬማ በ1977፣ የዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ በቬሮኒካ ዚክስ አዘጋጅነት በ1999። ሦስቱም በጀርመንኛ ናቸው። የባሕር ዳር ልጅ ከመኖሪያው ፊት ለፊት ስላለው ደሴት መጻሕፍት ለማወቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጀልባ ሳይሆን የጀርመንኛ ትምህርት ሆነ ማለት ነው። ክብራንም ዳጋም ሴት አይገባባቸውም። ይህ የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ እንዲቀየር የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። ግን ሥርዓቱ ከተከበረ ዘንድ፣ ግእዝ የምታጠና አንዲት ተማሪ የክብራንን ወንጌል የምታይበት መንገድ አንድ ብቻ ይሆናል፤ እሱም ቅጂው በከተማው የንባብ ክፍል ሲቀመጥላት ነው። ቅጂው ከሌለ ወይም ተቆልፎ ከተቀመጠ እሷ የተከለከለችው በገዳሙ ሳይሆን በእኛ ነው።

የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ይህ ሥራ ከ9,000 በላይ ብራናዎችን አንሥቷል። ከጣና ቂርቆስ የተነሣው፣ በቁጥር 8509 የሚታወቀው ጥንታዊ የድርሳናት ስብስብ አንዱ ነው፤ ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ እሱ ጽፈዋል። ጌታቸው ኃይሌ በ1968 ዓ.ም. በጥይት ቆስለው አገር ከለቀቁ በኋላ የፊልሙ ቅጂ ባለበት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለአሥርት ዓመታት የብራናዎቹን ይዘት አንድ በአንድ ገለጡ። እሳቸውና ዊልያም ማኮምበር የሠሯቸው 10 ቅጾች እስከ ቁጥር 5,000 ያሉትን ይዘዋል። ዛሬ የዚያ ፊልም ብዙው ክፍል በኢንተርኔት ተለቋል፤ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ያለ ክፍያ ያየዋል። ሰባታሚት ያለ ወጣት በስልኩ ከፍቶ ሊያነብ ይችላል። ያንኑ ብራና ወይም ፊልሙን በአገሩ ለማየት ግን የትብብር ደብዳቤ ማጻፍ፣ ማኅተም ማስመታት፣ ኃላፊ መጠበቅ ሊኖርበት ነው። የሚኒሶታ ጠባቂ ከእኛ ጠባቂ የተሻለ ልብ ስላለው አይደለም። እዚያ ሥራው የሚለካው ስንት ሰው አነበበ በሚለው ጭምር ስለሆነ ነው።

ሰባታሚትን ያነሣሁት እንዲያው አይደለም። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ያለች፣ ከተማው እየሰፋ የደረሰባት ቀበሌ ነች። እንደ ዘንዘልማና እንደ ወራሚት ሁሉ እዚያም የእርሻ መሬት የመኖሪያና የግንባታ ቦታ እየሆነ ነው። ዛሬ የይዞታ መብት የሚታወቀው በመሬት ደብተር እንጂ በድሮ ወረቀት አይደለም፤ ማንም በብራና ኅዳግ መሬት አያስመልስም። ነገር ግን አንድ አካባቢ መልኩ በአንድ ትውልድ ሲለወጥ፣ ቦታው ከዚያ በፊት የማን እንደነበር፣ በምን ስም ይጠራ እንደነበር፣ ማን ለየትኛው ደብር ይገብር እንደነበር የሚናገረው የተጻፈው ብቻ ይሆናል። ያ ጽሑፍ ደግሞ ያለው ማንም በማይገምተው ቦታ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ ስለ መሬትና ማኅበረሰብ የጻፈውን መጽሐፍ የመሠረተው በወንጌሎችና በሌሎች ብራናዎች ኅዳግ ላይ በሰፈሩ የርስት፣ የጉልት፣ የሽያጭና የምስክር ማስታወሻዎች ላይ ነው። የወንጌሉን ዋና ጽሑፍ ሌላ ቅጂ ይተካዋል፤ ኅዳጉ ላይ ያለውን ግን የሚተካው የለም።

ከብራናው ወዲህ ያለው ወረቀት ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሣ፣ ባሕር ዳር በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ የሚተዳደረው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበረች። ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የተላለፈው ደብዳቤ፣ የሽማግሌዎች አቤቱታ፣ የፖሊስ ሪፖርት፣ የግብር ዝርዝር የአንድ ሰፊ ሕዝብ ድምፅ ነው። ብራናን ሁሉም ቅርስ ይለዋል። ፋይልን ግን «አሮጌ ወረቀት» የሚለው ይበዛል። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 179/1991 መዛግብት ተሰብስበው ተጠብቀው ለጥናት እንዲውሉ ያዛል። በክልልና በዞን መዝገብ ቤቶች ያለ ሰው ግን የዕለት ጭንቀቱ አዋጁ አይደለም፤ ቆጠራው ነው።

ታዲያ መቆለፉ ቢያንስ ይጠብቃል? እኔ እጠራጠራለሁ። ለሃያ ዓመት ያልተከፈተ ማኅደር ውስጥ ቅጠል ቢጎድል መቼ እንደጎደለ ማንም አያውቅም። የሚታወቀው አሮጌው ጠባቂ ሲሞት ወይም ጡረታ ሲወጣ፣ አዲሱ ሲረከብ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው የለም፣ ወይም የሚጠየቀው ያላጠፋው ይሆናል። በወር አንድ ጊዜ የሚነበብ መጽሐፍ ግን በየወሩ ይታያል። ሻጋታው፣ የምስጡ ቀዳዳ፣ የላላው ስፌት በጊዜ ይታወቃል።

በደንብ የተደራጀ የንባብ ክፍል የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ለአንባቢው ምቾት ብቻ የቆመ አይደለም። አንባቢው ቦርሳውን ውጭ ይተዋል። ቀለም አይገባም፣ በእርሳስ ብቻ ይጻፋል። እጅ ታጥቦ ይደርቃል፤ ለብራና ንጹሕ እጅ ከጓንት ይሻላል፣ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ቅጠሉን ሊቀድ ይችላልና። መጽሐፉ ጀርባው እንዳይሰበር በሰፍነግ መደገፊያ ላይ በግማሽ ይከፈታል። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይቀርባል። ሲወጣም ሲመለስም ቅጠሉ ይታያል፣ ማን እንዳነበበው በቅጽ ላይ ይፈረማል። ይህ ሁሉ የውጭ አገር ቅንጦት የሚመስለው ካለ ዋጋውን ያስላ፦ ጠረጴዛ፣ ሰፍነግ፣ እርሳስ፣ መዝገብ፣ ከአንባቢው ፊት የሚቀመጥ አንድ ሰው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠባቂውን ነጻ ያወጣዋል። የተፈረመበት ቅጽ የያዘ ሰው «ማን ነካው?» ሲባል የሚያሳየው አለው።

አዲስ አበባ ላይ ገነተ ልዑል ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ የአገራችን ተመራማሪ ትውልድ በዚያ የንባብ ክፍል አድጓል። ይቻላል ለማለት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ግን ከሰባታሚት አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ርቀቱ በኪሎ ሜትር የሚለካ መሆኑ ቀርቷል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሊጠየቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የገዳማቱን መጻሕፍት ይውሰድ አልልም፤ በዚህ ጉዳይ የአባቶችን ጥርጣሬ እጋራለሁ። መጽሐፉ ንዋየ ቅድሳት ነው፣ በማሕሌትና በቅዳሴ ላይ ያለ ነው፣ ከማኅበሩ መነጠል የለበትም። ቅጂውን በውል ያስቀምጥ። ውሉ የምስሉ ባለቤት ገዳሙ እንደሆነ፣ ያለ ገዳሙ ፈቃድ እንደማይታተም፣ የንባቡ ዝርዝር በየዓመቱ ለገዳሙ እንደሚላክ በአማርኛ ይጻፍ። አባ ዕቃ ቤት ማን እንዳነበበ በስም ሲያውቁ ፍርሃታቸው ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

ከገንዘብ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ቢጀመር እወዳለሁ፤ በጀትም የሚጠይቅ አይደለም። አንባቢ በተመለሰ ቁጥር ጠባቂው የሚሞላው አንድ ገጽ ቅጽ ይኑር፦ ቀኑ፣ የተጠየቀው መጽሐፍ ወይም ፋይል፣ የተመለሰበት ምክንያት፣ መቼ ሊያገኘው እንደሚችል፣ ፊርማ። አንዱ ቅጂ ለአንባቢው ይሰጥ፣ ሌላው በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ተቆጥሮ ከንብረት ቆጠራው ጎን ይቅረብ። ሰፍነግ የሌለው ክፍል ያን ጊዜ ሰፍነግ እንደሌለው በወረቀት ይታያል፤ ቁልፉ ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ሰው ጋ ከሆነም ያ ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል።