የስኳር ሕመምና የገበሬው ማዕድ

የስኳር ሕመምን የጠገበ ሰው በሽታ አድርገን ማየት ለምደናል። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በጎንደር አካባቢ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ሥራ ግን ኢንሱሊን የሚያሻቸው የገጠር ታማሚዎች በአብዛኛው ከሲታና ድሃ መሆናቸውን አሳይቷል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ይህን ሕመም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል።

ጉዳዩን የማነሣው የቢቸናንና የሞጣን ገበሬ እያሰብኩ ነው። ኢንሱሊን ወስዶ ያልተመገበ ሰው የደም ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ ጎተራው በሚራቆትበት ክረምት የመድኃኒቱ መጠን ከማዕዱ ጋር ሊመዘን ይገባል። «በቀን ስንት ጊዜ ይመገባሉ?» የሚለውን ጥያቄ እኔ የሕክምናው የመጀመሪያ ምርመራ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።