አዝራሩ የት ገባ?

ለምኖርበት ከተማ የኢትዮጵያውያን ዕድር አንድ የአባላት መመዝገቢያ ፕሮግራም በዊንዶውስ ፎርምስ ሠርቼ ሰጥቼ ነበር። ላስረክብ ስል፣ ትልልቅ ሰዎችም ሳይቸገሩ እንዲያነቡት ብዬ የአንዱን ማሳሰቢያ ፊደል ከ9 ነጥብ ወደ 14 አሳደግሁት። የሠራሁት ጥፋት ይኸው ነው።

ቅዳሜ ማታ ጸሐፊዋ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስመዘግብ ውዬ አንድም ስም የለም!»

«እማማ፣ አስቀምጥ የሚለውን ተጭነውታል?»

«የቱን? እንደሱ የሚል እዚህ የለም። እኔማ በራሱ የሚያስቀምጥ መስሎኝ እየሞላሁ ስዘጋ ነው የዋልኩት።»

አዝራሩ ቦታው ላይ ነበር። ማሳሰቢያው ረዝሞና ወፍሮ ላዩ ላይ ተኝቶበት ነው። አውቶሳይዝ የተደረገ ሌብል ጽሑፉ ባደገ ቁጥር ራሱን ያሰፋል፤ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ዳራውን ትራንስፓረንት ማድረጌም አላዳነኝም። በዊንዶውስ ፎርምስ ትራንስፓረንት ማለት የወላጁን፣ ማለትም የፎርሙን ቀለም መልሶ መቀባት ነው እንጂ ከሥር ያለውን ወንድሙን ማሳየት አይደለም። ስለዚህ አዝራሩ በፎርሙ ግራጫ ቀለም ተሸፈነ።

ታዲያ እኔ ስሞክረው እንዴት አላየሁትም? እንደ ብዙዎቻችን ማውስ አልነካሁማ! በታብ ተራመድኩ፣ ኢንተር ተጫንኩ፣ ስሙ ተቀመጠ። የታብ ተራ ታብ ኢንዴክስ በሚባለው ቁጥር ይመራል፤ ማን ከማን በላይ ነው የሚለው ደግሞ ዚ-ኦርደር የሚባለው ሌላ ጉዳይ ነው። የተሸፈነ አዝራር በኪቦርድ ሲነኩት ሕያው ነው፣ በማውስ ሲፈልጉት የለም።

ዚ-ኦርደር ጠረጴዛ ላይ እንደተደራረበ ወረቀት ነው፤ የላይኛው የታችኛውን ይሸፍናል፣ ክሊኩንም የሚቀበለው እሱ ነው። ችግሩ የወረቀቱ አቆጣጠር በየቤቱ መለያየቱ ነው። በዊንዶውስ ፎርምስ ቁጥር 0 የሁሉ የበላይ ነው። በጃቫ ስዊንግም እንዲሁ። በደብሊው ፒ ኤፍ ግን ተቃራኒው ነው፦ መጨረሻ የተጨመረው ከላይ ይሆናል፣ ዚ-ኢንዴክስ ከሰጡት ደግሞ ትልቁ ቁጥር ያሸንፋል። ኪውትም የኋለኛውን ከላይ ያደርጋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። ዊንዶውስ ፎርምስ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፦ በዲዛይነሩ ጎትተን የምናስቀምጠው ከላይ ሲሆን፣ በኮድ ስንጨምረው ከታች ይገባል። ማሳሰቢያውን ከአዝራሩ በኋላ ጎትቼ ስላስቀመጥኩት ነው የበላይ የሆነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ መፍትሔ ለአዝራሩ ብሪንግ ቱ ፍሮንትን መጥራት ነበር። አንድ መስመር ኮድ ነው። ግን ያኔ አዝራሩ የማሳሰቢያውን ጫፍ ይሸፍነዋል፤ ተራው ተለወጠ እንጂ ግጭቱ አልተፈታም። በዶክ የተለጠፉ ፓነሎች ላይማ ይኼ ትእዛዝ አደገኛ ነው። ዊንዶውስ ፎርምስ ቦታ የሚያድለው ከታችኛው ጀምሮ ስለሆነ፣ አንዱን ወደ ላይ ሲያመጡት የፎርሙ አቀማመጥ ራሱ ይገለባበጣል። እኔ ሁለቱንም ቴብል ሌይአውት ፓነል ውስጥ፣ በየራሳቸው ዓምድ አስገባኋቸው። አሁን ማሳሰቢያው ሲያድግ አዝራሩን ይገፋዋል፣ አይውጠውም።

መደራረብ የግድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። አማርኛ ስንጽፍ ከሥር የሚወርደው የቃላት ጥቆማ አንዱ ነው። እሱን ፓነል ውስጥ እንደ ልጅ ካስቀመጡት ከወላጁ ድንበር መውጣት ስለማይችል ምንም ያህል ከላይ ቢሆን ግማሹ ይቆረጣል። ቱልስትሪፕ ድሮፕዳውን፣ በደብሊው ፒ ኤፍ ደግሞ ፖፕአፕ መጠቀም ይሻላል፤ ሁለቱም የራሳቸው መስኮት አላቸው። ደብሊው ፒ ኤፍ ላይ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዳራው ትራንስፓረንት የሆነ ፓነል ባይታይም ክሊክ ይይዛል፣ ዳራው ነል ከሆነ ግን ያሳልፋል። «አዝራሩ ይታያል፣ አይሠራም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይኼንን ነው።

የዕድሩ ስሞች? ጸሐፊዋ ደግነቱ የክፍያ ደረሰኞቹን ቀሪ አስቀምጠው ነበር። እሑድ ከቤታቸው ሄጄ እሳቸው እያነበቡልኝ እኔ አስገባሁ፣ በማውስ ብቻ። ከሦስተኛው ስም በኋላ ቡና አፈሉ።