ተጨማሪ መረጃ፦ በአቆጣጠር ያልነበረች ቀን

ከድሬዳዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ሐርላ አርኪዮሎጂስቶች የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ አግኝተዋል። የዚያን ዘመን ቀን ኤክሴል ላይ ብንጽፍ ፕሮግራሙ እንደ ተራ ጽሑፍ ያየዋል፤ የቀን ቆጠራው የሚጀምረው ከጃንዋሪ 1፣ 1900 እ.ኤ.አ. ነውና።

ቆጠራው የወረሰው ስህተትም አለ። 1900 ለ100 ተካፍሎ ለ400 ስለማይካፈል ፌብሩዋሪው 28 ቀን ብቻ ነበረው። ከኤክሴል ቀድሞ የነበረው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሎተስ 1-2-3 ግን 29 አደረገው። ኤክሴልም የሎተስ ፋይሎች ቀን እንዳይዛባ ሲል ስህተቱን አውቆ ተቀበለ። ዛሬም 60 ቁጥርን ወደ ቀን ስንቀይር «ፌብሩዋሪ 29፣ 1900» ይላል።

ሌላው የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ ሊብሬኦፊስ ካልክ፣ የተለየ መንገድ መረጠ። መነሻውን ዲሴምበር 30፣ 1899 ላይ አደረገ። ስለዚህ ከማርች 1፣ 1900 ወዲህ ያሉት ቁጥሮች ከኤክሴል ጋር ይገጥማሉ፤ 60 ግን ፌብሩዋሪ 28 ነው። ከ1900 በፊት ያሉ ቀኖችንም ይቀበላል።

ከነባር ፕሮግራም ጋር ተስማምቶ የሚሠራ ሶፍትዌር ቀዳሚ ግዴታው የተጠቃሚውን መረጃ መጠበቅ ነው። ስህተቱን መውረስ የሚገባው መረጃው ያለዚያ የሚበላሽ ከሆነ ብቻ ነው።

ሞክሩ፦ 60 እና 61ን በኤክሴልና በካልክ ወደ ቀን ቀይራችሁ ውጤቱን አወዳድሩ።