መክሰስ በፓልም ኮርት

ሎንዶን ውስጥ ቤተሰቡን ይዞ ለአንድ ቀን ደህና አድርጎ ልዝናና ያለ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበት አያጣም። ከምርጫዎቹ ሁሉ ተገቢውን ክብር ያላገኘው በታላላቅ ሆቴሎች ከሰዓት በኋላ የሚቀርበው ሻይ፣ «አፍተርኑን ቲ» የሚባለው ነው። በእኛ አነጋገር መክሰስ ነው፤ የተከበረ መክሰስ። አቀራረቡን ለመግለጽ ብዙ ቃል አያስፈልግም። አንድ በራድ ሻይና ባለ ሦስት እርከን የሳሕን መደርደሪያ ይመጣል፤ ከታች ጠርዙ የተቆረጠ ትንንሽ ሳንዱዊች፣ መሐል ላይ ስኮን የሚባል ትኩስ ትንሽ ዳቦ ከማርማላታና ከወፍራም ክሬም ጋር፣ ከላይ ኬክ ይደረደራል። የሚበላው ከታች ወደ ላይ ነው። ስኮኑ ላይ የዴቨን ሰዎች ክሬሙን ያስቀድማሉ፣ የኮርንዎል ሰዎች ማርማላታውን፤ ሁለቱም ይጣፍጣል። ክርክር የሚገባው የማዕዱ ዓላማ ነው። ይህ ማዕድ ልጅም አያትም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንዲጨዋወቱ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ጥጋብ ፍለጋ የሚሄድበት ሰው ከፍተኛ ገንዘብ ከፍሎ ዋናውን ነገር ሳያገኝ ይመለሳል።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። ከእንግሊዝ ውጭ ባሉ ብዙ ሆቴሎች፣ በተለይም በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በእስያ፣ ይኸው ማዕድ «ሃይ ቲ» ተብሎ ይሸጣል። «ሃይ» ከፍ ያለ ማለት ስለሆነ፣ ሰሚው ከፍ ላሉ ሰዎች የሚቀርብ የመሳፍንት ሻይ አድርጎ ይረዳዋል። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሃይ ቲ የሠራተኛው ቤተሰብ እራት ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ፣ በፋብሪካ ወይም በከሰል ጉድጓድ ሲለፋ የዋለ ሰው ቤቱ ሲገባ ሥጋ፣ ዳቦ፣ አይብ፣ ሲገኝም ዓሣ፣ ከዚያም ጋር ጠቆር ያለ ሻይ በወተት ይጠብቀው ነበር። የሚበላው በትልቁ የምግብ ጠረጴዛ፣ በቢላና በሹካ ነው፤ ስሙም የወጣው ከዚሁ ጠረጴዛ ቁመት እንደሆነ በብዛት ይነገራል። እስከ ዛሬ ድረስ በሰሜን እንግሊዝ ብዙ ቤተሰብ የማታ ምግቡን «ቲ» እያለ ይጠራል። ሊድስ ወይም ማንችስተር ያለ ጎረቤት «ለቲ ኑ» ሲል እራት መጋበዙ ነውና፣ ቤት በልቶ ጠግቦ መሄድ ባለቤቱን ማሳዘን ነው።

የሆቴሉ ሻይ ዘሩ ሌላ ነው። ጅማሬው በ1840 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ለነበረችው ለሰባተኛዋ የቤድፎርድ ዱቼስ፣ ለአና ማሪያ ራስል ይሰጣል። በዘመኑ በመኳንንቱ ቤት ምሳ ቀላል ነበር፤ እራት ደግሞ እየዘገየ ሄዶ ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ተጠግቶ ነበር። ዱቼሷ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ገደማ ሲርባት ሻይና ዳቦ በቅቤ ወደ ክፍሏ ታስመጣ ጀመር፤ ቆይታም ወዳጆቿን ትጋብዝ ነበር ይባላል። መቀመጫው የእንግዳ መቀበያው ለስላሳ ወንበር፣ ጠረጴዛውም ከጉልበት የማያልፍ ዝቅተኛ ነበር። ከዚህ ዝቅታ የተነሣ የማዕዱ መልክ ሁሉ ተወሰነ። በአንድ እጁ ስኒ የያዘ ሰው ሥጋ በቢላ ሊቆርጥ አይችልም፤ ስለዚህ ሳንዱዊቹ በሁለት ጉርሻ የሚያልቅ ሆነ፣ ጠርዙ ተቆረጠ፣ የኪያሩ ቁራጭ እንደ ወረቀት ሳሳ። አፍ ሞልቶ ማውራት ነውር ስለሆነም ጉርሻው አነሰ። «ይህ ሳንዱዊች ለማን ይበቃል?» ብሎ የሚያማርር ደንበኛ፣ ከሠራተኛው እራት የሚጠበቀውን ከዱቼሷ መክሰስ እየጠበቀ ነው። ሳንዱዊቹ ያነሰው ወሬው እንዳይቋረጥ ነው። ሆቴሎች ሁለቱን ስሞች እያቀላቀሉ ሲሸጡ ደንበኛው በተሳሳተ ሆድ እንዲመጣ ያደርጉታልና ቢታረሙ መልካም ነው።

ከመኳንንት ቤት ወደ ሆቴል የተደረገው ጉዞ ለቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው። በቪክቶሪያ ዘመን አንዲት ጨዋ ሴት ያለ ወንድ አጃቢ ከተማ መሐል ተቀምጣ የምትቀምስበት ቦታ እምብዛም አልነበራትም። በ1864 ኤሬትድ ብሬድ ካምፓኒ የተባለው የዳቦ ኩባንያ በሎንዶን ሻይ ቤት ከፈተ፤ በ1894 ደግሞ የላየንስ ሻይ ቤት በፒካዲሊ ተከተለ። እዚያ ሴቶች ብቻቸውን ወይም ከልጆቻቸው ጋር ቢቀመጡ ማንም በክፉ አያያቸውም ነበር። የላንግሃም ሆቴል በ1865 ተከፈተ፤ ከሰዓት በኋላውን ሻይ በታላቅ ሆቴል በማቅረብ ቀዳሚው እኔ ነኝ ይላል። ሪትዝ ደግሞ በ1906 ሲከፈት ዛሬ ፓልም ኮርት የሚባለውን አዳራሹን ለዚህ ሰጠ። መጠጥ ቤቱ የወንዶች፣ የእራት አዳራሹ የአዋቂዎች በነበረበት ዘመን፣ የሻይ አዳራሹ ከሕፃን እስከ አያት ሁሉም በመብቱ የሚቀመጥበት ሆነ። ዛሬም ከሰካራም ጫጫታ የራቀ፣ ሕፃን ሳሕን ቢያንኳኳ ማንም የማይቆጣበት የቅንጦት ቦታ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ከባድ ነው።

በእንግሊዞች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። በራዱ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ለሌሎቹ ሊቀዳ የተነሣው ሰው፣ ወንድም ቢሆን፣ «እናት ልሁን?» ብሎ ይጠይቃል። መቅዳት የእናት ሥራ ሆኖ በቋንቋው ውስጥ ቀርቷል። ይህ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አንዱ ተቃውሞም የሚነሣው ከዚሁ ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ያለው የቡና ሥርዓት ያለን ሰዎች በውድ ገንዘብ የሌላ አገር ሥርዓት መግዛት ለምን ያስፈልገናል? ቡናችን ከዚህ ሻይ በምንም አያንስም፤ በመዓዛና በአክብሮት እንዲያውም ይበልጣል። ነገር ግን ቡናው ሲፈላ የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ የምትቀዳውና ስኒ የምታጥበው ያቺው የቤት እመቤት ወይም ልጇ ናት። ወሬው ሲሞቅ እሷ ከሰሉን ታራግባለች። የሆቴሉ ሻይ ይህችን ሴት አስነሥቶ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል፤ በራዱን ሌላ ሰው ይይዝላታል። ቡናውን የሚተካ ሳይሆን ለምታፈላው የሚሰጥ ዕረፍት ነው።

ዋጋው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ቀላልም አይደለም። በሪትዝ ለአንድ ሰው ከ70 ፓውንድ በላይ ይከፈላል፤ አራት ሰው ላለው ቤተሰብ ይህ የሳምንት አስቤዛ ነው። ሻይና ዳቦ ብቻ ብሎ ለሚያሰላ ኪሳራ ይመስላል። ሒሳቡ ውስጥ መግባት ያለበት ግን ወንበሩ የሚያዝበት ሰዓት፣ የሚሞላው በራድ፣ በብዙዎቹ ሆቴሎች ሲያልቅ የሚተካው ሳንዱዊች፣ የፒያኖው ዜማና የአስተናጋጁ ጥንቃቄ ነው። በዓመት አንዴ፣ ለምረቃ ወይም ለእናት ልደት የሚደረግ ነውና እንደ ዕለት ምግብ መመዘን የለበትም። ይህ ገንዘብ የሚባክነው ሙሉውን ጊዜ ስልክ ይዞ የኬኩን ፎቶ በማንሣት ለሚያሳልፍ ቤተሰብ ነው፤ ስኮኑ ይቀዘቅዛል፣ አያትም ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

«የቅኝ ገዥዎች ሻይ ነው» የሚለውም መልስ ይፈልጋል። ሻዩን ያጣፈጠው ስኳር ለረጅም ዘመን በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት የተያዙ አፍሪቃውያን ያመረቱት ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። የዚያኑ ያህል ግን፣ በ1791 ፓርላማው የባሪያ ንግድን የሚያስቀረውን ሕግ ሲጥል፣ ብዙ የእንግሊዝ ቤተሰቦች ስኳርን ከገበታቸው አስወጥተዋል። በዚህ እንቅስቃሴ ሴቶች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ መሣሪያቸውም ይኸው የሻይ ጠረጴዛ ነበር። ሻዩም ቢሆን የመኳንንት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በ1784 መንግሥት የሻይን ቀረጥ ከ119 ወደ 12.5 በመቶ ሲያወርደው ወደ ድሃው ቤትም በስፋት ገባ።

ስለ ሻዩ አንድ ነገር ብቻ። እኛ ሻይ በቀረፋና በቅርንፉድ ስለለመድን፣ ባዶው ሻይ ልል ይመስለንና ሳንቀምስ ሦስት ማንኪያ ስኳር እንጨምራለን። ዳርጂሊንግ የተባለውን ሻይ እንዲህ ማድረግ ማጥፋት ነው። መጀመሪያ ባዶውን ይቅመሱት፤ ወተትና ስኳር የሚወዱ ከሆነ አሳም የተባለውን ሻይ ይዘዙ፣ ይችለዋል።

ቦታ ሲያስይዙ ቀኑን ይመልከቱ። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ ክሬሙም፣ እንቁላሉም፣ ቅቤ የገባበት ስኮንም አይሆንም፤ ከሳንዱዊቾቹም አንዱ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። ብዙዎቹ የሎንዶን ሆቴሎች ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ሙሉ ማዕድ ያዘጋጃሉ፣ ግን አስቀድሞ ሲነገራቸው ነው። ይንገሯቸው። ስለ አለባበስም ይጠይቁ፤ ሪትዝ ወንድን ያለ ኮትና ከረባት አያስገባም። ከቤት ሲወጡም ቀለል ያለ ምሳ ይብሉ፤ እናትዎንም ከበራዱ ራቅ አድርገው ያስቀምጧቸው።