ሦስት መቶ ፍሬ ብቻ ሲያስፈልግ፦ ፕላስቲክን በጥቂቱ የማምረት ፊዚክስ

አንዲት የሌንስ መያዣ ተሰብራ ምትክ በመታጣቱ፣ ሙሉ የብርሃን መሞከሪያ መሣሪያ በቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ሊቀር ይችላል። የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ተባብረው እንዲህ ያለ መያዣ 300 ፍሬ ፈለጉ እንበል። ቁጥሩ አንድ በአንድ በእጅ ለመቅረጽ ብዙ ነው፤ ለፋብሪካ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ታዲያ ምን ይደረግ?

ፕላስቲክን አቅልጦ በግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫ (ሞልድ) የማስገባት ዘዴ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ወንድማማቾቹ ጆን እና አይዛያ ሃያት ሴሉሎይድ ለተባለው ፕላስቲክ የሚሆን የዚህ ዓይነት መኪና የባለቤትነት መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1872 ነበር። አሠራሩም ከሕክምና መርፌ ብዙ አይርቅም፤ የቀለጠው ፕላስቲክ በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ የተዘጋውን ሞልድ ይሞላል፣ ሲረጋ ሞልዱ ተከፍቶ ዕቃው ይወጣል።

ወጪው ያለው ከፕላስቲኩ ላይ ሳይሆን ከሞልዱ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ሞልዱ 60,000 ብር ቢፈጅ፣ 20,000 መያዣ ለሚያመርት ሰው በአንዱ ላይ የሚያርፈው 3 ብር ነው። በ300 መያዣ ሲካፈል ግን 200 ብር ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው ሞልዱን እንዴት እናርክሰው የሚል ነው።

የፋብሪካ ሞልድ ከጠንካራ ብረት የሚሠራው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዙር እንዲሠራ ነው። የእኛው 300 ዙር ከቻለ ይበቃዋል። ለዚህም በተለመደው ቶርኖና ፍሬዛ በቀላሉ የሚፈለፈለው አሉሚኒየም ተስማሚ ነው። ግፊቱስ? በሞልዱ ውስጥ 30 ሜጋፓስካል ቢኖርና የዕቃው ገጽ 10 ስኩዌር ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ሞልዱን ሊከፍት የሚታገለው ኃይል ወደ 3 ቶን ክብደት ይጠጋል፤ ይህን ጠንካራ ብሎኖች ይይዙታል። ፕላስቲኩን ለመግፋትም ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር በሆነ ፒስተን ላይ በመኪና ክሪክ የ2 ቶን ኃይል ብናሳርፍ ከ60 ሜጋፓስካል በላይ እናገኛለን። (ከ200 ዲግሪ በላይ የሞቀ ፕላስቲክ በዚህ ግፊት ሾልኮ ቢፈናጠር የሚያደርሰውን ጉዳት አንባቢ ይገምት፤ ያለ መከለያና ያለ ባለሙያ አይሞከርም።)

ከሁሉ ይበልጥ የፊዚክስ ተማሪን ሊስብ የሚገባው ግን የማቀዝቀዙ ጉዳይ ነው። ሙቀት በፕላስቲክ ውስጥ የሚጓዘው እጅግ በዝግታ ስለሆነ የማቀዝቀዣው ጊዜ ከግድግዳው ውፍረት ስኩዌር ጋር ያድጋል። በ220 ዲግሪ ሴልሺየስ የገባ ፖሊፕሮፒሊን፣ 40 ዲግሪ በሆነ ሞልድ ውስጥ ወደ 90 ዲግሪ እስኪወርድ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ከሆነ በስሌት 6 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ሲሆን ግን ወደ 25 ሰከንድ ይደርሳል። መያዣው እንዲጠነክር ብሎ ግድግዳውን የሚያወፍር ንድፍ አውጪ ጊዜ ከማባከኑም በላይ፣ መሐሉ ዘግይቶ ሲረጋ ገጹ ይሰረጉድበታል። ብልሃቱ ግድግዳውን ወጥና ስስ አድርጎ በጀርባው ቀጫጭን ድጋፎች መጨመር ነው።

አሉሚኒየም ሙቀትን ከሞልድ ብረት አራት እጥፍ ያህል ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ ዙሩ በአራት እጥፍ አይፈጥንም፤ ሙቀቱ የሚጉላላው ከሞልዱ ሳይሆን ከራሱ ከፕላስቲኩ ዘንድ ነውና።

በሦስት ዳይሜንሽን ማተሚያ ከሬዚን የታተመ ሞልድስ? ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሬዚኑ ራሱ ፕላስቲክ በመሆኑ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በየዙሩ ደቂቃዎች መጠበቅ ይጠይቃል፤ ብዙውን ጊዜም ከጥቂት ደርዘን ዙር በላይ አይዘልቅም። ተማሪዎቻችን ለማንኛውም ሥራ ማተሚያውን ሲመኙ እንሰማለን። ለ10 ፍሬ እኛም መያዣውን ራሱን አትሙት እንላለን፤ ለ300 ግን አሉሚኒየሙን እንመርጣለን።

አንድ ነገር ይቀራል። ፕላስቲክ ሲረጋ ይሸሸባል። የሌንሱ ቀዳዳ 50 ሚሊሜትር ቢሆንና ፖሊፕሮፒሊኑ 1.5 በመቶ ቢሸሸብ ልዩነቱ 0.75 ሚሊሜትር ነው፤ በ0.5 በመቶ ለሚሸሸብ ፖሊስታይሪን ግን 0.25 ሚሊሜትር ብቻ። ለአንደኛው ተለክቶ የተፈለፈለ ሞልድ በሌላው ሲሞላ ሌንሱ ወይ ይላላል ወይ አይገባም። ስለሆነም ፕላስቲኩ የሚመረጠው ፍሬዛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው።